እኔ የጨመርኳት አንዲት መስመር

ፈሪ ነኝ። ይህን ከጅምሩ ልናገርና ይውጣልኝ፤ በኋላ እንዳትታዘቡኝ። ልጅ ሆኜ ውሻ እፈራ ነበር፣ ጎልምሼ ፖሊስ እፈራ ነበር፣ አሁን አርጅቼ ደግሞ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ሰው "ስንቱን ሹም በብዕርህ ያንቀጠቀጥክ!" እያለ ሲያሞግሰኝ ዝም የምለው ትሕትና ይዞኝ አይደለም። የተንቀጠቀጥኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ ነቀምቴ ውስጥ ነው። ከገበያው ወደ ፍርድ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የጉራጌ ሰው ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ የሚሸጥበት። እኔ ከሱቁ በረንዳ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ አስቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚያው የቀረ ደብተራ ነበር፤ ፊደሉን ከነቁንጥጫው ከእሱ ተማርኩ፣ ኦሮምኛውን ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ስራገጥ። እንጀራዬ ከሁለቱ መሀል ወጣች። ያኔ መንግሥት ቤት የሚገባ ወረቀት በአማርኛ ካልሆነ አይነበብም። የዲጋው ገበሬ፣ የኑኑ ቁምባው ገበሬ ግን አማርኛ ቢያውቅ ለገበያ ያህል ነው። ስለዚህ በሬ የጠፋበትም፣ ወሰን የተገፋበትም፣ ሚስቱ የኮበለለችበትም መጥቶ በኦሮምኛ ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔ በአማርኛ ለመንግሥት እነግርለታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ቅመም እጨምር ነበር። "በሬዬ ጠፋ" ያለኝን ሰውዬ "የልጆቼን ጉሮሮ የሚደፍነው በሬዬ" ብዬ እጽፍለታለሁ። ማን ያውቅብኛል? ባለጉዳዩ ማንበብ አይችል፤ ሹሙ ደግሞ ጥሩ አማርኛ ሲያይ ቀና ብሎ ይቀመጣል። በየቢሮው "ይቺማ የእሱ እጅ ናት" መባል ጀመረ። ያጠፋኝም ይኸው ነው። ክብር ወዳድ ነበርኩ፤ ፈሪ ክብር ሲወድ ደግሞ አያድርስ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከዲጋ በኩል ሰባት ሰዎች መጡ። የዚያ አገር ሰው ሰላምታ አያሳጥርም፤ "አካም ቡልተን" ተባብለን ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ሚስቴ ነፍሰ ጡር መሆኗን ስነግራቸው ተራ በተራ መረቁኝ። ከሰባቱ አንዱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ጥጥ የሆነ አዛውንት ነበሩ። እሳቸው በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ እንደቆሙ ቀሩ። ሁለተኛዋን በርጩማ ለማንም አልለቅም፤ የኔ ናት።

ነገሩን የተናገረው ግን እሳቸው አይደሉም። ከመካከላቸው ታናሽ የሚባለው፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ጎልማሳ ነው የተናገረው። ሲናገር እጁ ዝም አይልም።

ከዲጋ ወዲያ መሬቱ ወደ ዴዴሳ ቆላ ከመውረዱ በፊት አንድ ትልቅ ደን አለ። የመንግሥት ክልል ከተባለ ቆይቷል። መግቢያው ላይ "ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው" የሚል ቆርቆሮ ተቸንክሯል፤ ዘበኛም አለው። ዘበኛው ጭራሮ የለቀመችን ሴት ገመዷን ይነጥቃል፣ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ የወጣን ሰው አውርዶ ያስራል። ሰዉ መጀመሪያ ተማረረ፣ ቀጥሎ ለመደ፣ ኋላማ ራሱ ጠባቂ ሆኖ ቁጭ አለ። ምክንያቱም ከደኑ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለ፤ በበጋ ሌላው ውሃ ሁሉ ሲነጥፍ አምስት መንደር ከነከብቱ የሚጠጣው እሱን ነው። ደኑ ከሄደ ምንጩም እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

"ታዲያ አሁን ምን መጣ መሰለህ?" አለኝ ጎልማሳው። ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ቀረሮውንና ዝግባውን እየዞሩ ቀይ ቀለም ቀቡ። ከምንጩ በላይ ያለውን ጥግ መንጥረው ካስማ ተከሉ። የጣውላ ፋብሪካ ሊቆም ነው፤ ማሽኑ ከክረምት በፊት ይመጣል። ሰጋቱራውና ዘይቱ የት ነው የሚወርደው? ወደ ምንጩ ነዋ! ያ ገመድ ሲነጥቅ የኖረው ዘበኛ ደግሞ አሁን የቀለሙን ጣሳ ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል።

"እኛ ጭራሮ ስናነሳ ሌባ፤ እነሱ ደኑን ሲያነሱት ልማት!" አለና እጁን አወናጨፈ። ይቺን እንደወረደች ጻፍኳት፤ ቅመም አላስፈለጋትም።

እየጻፍኩ ሳለሁ ግን ብዕሬን አቆምኩ። "የማን ፋብሪካ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከጀርባው ትልቅ ሰው እንዳለበት ይወራል፤ ማን እንደሆነ ግን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ያኔ "ብዕሬ ተሰበረ፣ ሌላ ፈልጉ" ብዬ መሸኘት ነበረብኝ። አዛውንቱ ግን ብዕሬን ያያሉ። ልብ ያለኝ ይመስል መጻፌን ቀጠልኩ።

ሦስት ገጽ ሞላሁ። መጨረሻው ላይ "ስለዚህ ፋብሪካው ሌላ ስፍራ እንዲፈለግለት እየሰገድን እንለምናለን" ብዬ መዝጋት ነበረብኝ፤ ዘጋሁም። መልሼ ሳነበው ግን ጅራቱ ቀዘቀዘብኝ። ያን የመሰለ ማመልከቻ እንዲህ በልመና ያልቃል? ብዕሬን ነከርኩና አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ "ዛፉ ከመውደቁ በፊት እኛ እንወድቃለን፤ ስንወድቅ ግን ብቻችንን አንወድቅም።"

ዐይኔን ጨፍኜ በልቤ ደገምኳት። እንዴት ያለች መስመር ናት! ከሰባቱ አንድም ሰው እንዲህ አላለም። ግማሿንም አላሉም። ለመለመን ነው የመጡት፤ ዛቻዋ ከኔ ነው የወጣችው፣ በረንዳ ላይ ጥላ ሥር ከተቀመጥኩት ከኔ ከፈሪው።

ደንቡ ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት በቋንቋቸው መልሼ እንድነግራቸው ነው። ነገርኳቸው። ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ ምንጩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ ዘለልኳት። ለምን ብትሉኝ፣ "ይህንስ አላልንም፣ ሰርዘው" ይሉኛል ብዬ ነው። ጽሑፌ እንዳይበላሽብኝ! አፈር ያስበላኝ።

ቀጥሎ አሻራ ነው። ቀለም የተነከረች ጨርቅ አወጣሁ። እዚህ ላይ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰባት አሻራ ያለበት ወረቀት ሲገባ ሹሙ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። አንደኛ የፈረመ የአድማው መሪ ነው፤ ሌላው ተከታይ ነው። ይህን ከብዙ ሰው መከራ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ በለሆሳስ፣ "አንደኛ የፈረመ አንደኛ ይጠየቃል፤ ብታስቡበት" አልኩ። ከዚህ በላይ ደፍሬ አልተናገርኩም።

ጎልማሳው ሳቀብኝ። "በል ተወው" አለኝ፣ "አንጋፋው እያለ ጣቱን የሚያስቀድም ማን ነው?" አንጋፋው አዛውንቱ ናቸው። የዘራቸው የበኩር ቤት እሳቸው ናቸው፤ በሠርግ ሥጋ የሚቆርሱት፣ በስብሰባ መጀመሪያ የሚመርቁት፣ ደም ሲታረቅ መጀመሪያ እጃቸውን የሚዘረጉት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ቀድሞ መፈረም እንደ ድፍረት ነው፤ ሞተው እንደተቆጠሩ ያህል ነው። አዛውንቱ ከምርቃቱ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ተነሡ፣ አውራ ጣታቸውን ነከሩ፣ እኔ ባሳየኋቸው ቦታ ላይ ተጫኑ። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎቹ በየማዕረጋቸው የቀጠሉት፤ ጎልማሳው ሰባተኛ ሆነ። ቴምብር ለጥፈን ወደ አውራጃ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ይዘውት ሄዱ።

ለራሴ ያስቀረሁት ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ባለሱቁ ጨው መዝኖ ሲጨርስ ብቅ ብሎ አነበበው፤ ሁልጊዜ ያነባል፣ ጋዜጣው እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ።

"ይቺን ማን ተናገራት?"

"እነሱ ናቸዋ" አልኩት።

"እነዚያ ሽማግሌዎች?" ወደሄዱበት መንገድ አየ። "ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ፤ ጠረጴዛህን ለጥቂት ቀን ማዶ ካለው ዛፍ ሥር ብታደርጋት ምን ይመስልሃል? እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ።"

"እኔስ ሊኖረኝ አይደል?" ብዬ ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ስለፈራሁ ነው። ጠረጴዛዬን ግን በማግሥቱ ራሴው ተሸክሜ አሻገርኩ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልኝ አለ። የቆዳ ቦት ጫማ ድምፅ ስሰማ ልቤ ድው ይላል። ፖሊስ ሰላም ሲለኝ "ለምን ሰላም አለኝ?" እላለሁ፤ ሳይለኝ ሲያልፍ ደግሞ "ለምን ዘጋኝ?" እላለሁ። ሚስቴ ከሁለት ቀን በላይ አልታገሠችኝም። የስምንት ወር ሆዷን ይዛ ፊቴ ተቀመጠችና "ምን ሠርተህ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ነጣ። ትጮህብኛለች ስል "ሽማግሌው ልጆች አሏቸው?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። "የልጅ ልጆችም አሏቸው" አልኳት። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ያን ቀን አላነጋገረችኝም።

ሁለት ሳምንት ሆነው። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ከታች በኩል ሰው ሲንሾካሾክ ሰምቼ ቀና ስል አዛውንቱን በሁለት ፖሊስ መሀል አየኋቸው። እጃቸው በገመድ ታስሯል። ከዲጋ ድረስ በእግራቸው አምጥተዋቸዋል፤ ጋቢያቸው አፈር ለብሷል። ከሰባቱ የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንደኛው አሻራ።

ምን አደረግህ በሉኛ! ብድግ አልኩና መንገዱን ተሻግሬ ሱቁ ገባሁ፤ ከላምባው በርሜል ጀርባ ተቀመጥኩ። ባለሱቁ አየኝና ፊቱን ወደ ሚዛኑ አዞረ። አዛውንቱ ባዶዋ ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ሰላም ሊሉኝ ነው። ፖሊሶቹን አስቁመው "ያ ልጅ የት ሄደ? ሚስቱ ወለደች?" ብለው ጠየቁ። በኦሮምኛ ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰማኋቸው። ማንም አልመለሰላቸውም። ላምባው ልብሴ ውስጥ ገባ፤ ያን ልብስ ከዚያ በኋላ አልለበስኩትም።

በማግሥቱ ተጠራሁ። የመጣው ፖሊስ አልገፋኝም፣ አልሰደበኝም፤ "ትፈለጋለህ" ብቻ አለኝ። ባለሱቁ ከበር ላይ ሆኖ "አይዞህ፣ ጠረጴዛዋን እኔ አያለሁ" አለኝ፤ እንደምመለስ እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

የጠሩኝ የአውራጃ ገዢው ምክትል ናቸው። የወለጋ ተወላጅ ናቸው፤ እዚያው ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው ለሹመት የበቁ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ያ ደግሞ ይብስ ያስፈራል። የኔ ሦስት ገጽ ፊታቸው ተዘርግቷል።

"ይህ እጅ ያንተ ነው?"

"አዎን፣ ጌታዬ።"

ጣታቸውን የመጨረሻዋ መስመር ላይ አሳረፉ። "ይህን ማን ተናገረ?"

አሁን ነው እውነቱን የምናገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። በመንገድ ላይ ተለማምጄው ነበር፤ "ከራሴ የጨመርኩት ነው፣ ሽማግሌው አያውቁም" የምትል አጭር ነገር ናት። የወጣው ግን "እኔ ያሉኝን ነው የጻፍኩት፣ ጌታዬ" የሚል ነው። ማን እንደተናገረው እንጃ፤ የኔን ድምፅ ይመስል ነበር።

"ከእነሱ ማን?"

እሳቸውም ወረቀቱን አገላብጠው የመጀመሪያዋን አሻራ አዩ። "እኚህ ይሆናሉ" አሉ። አዎም አላልኩ፣ አይደለምም አላልኩ። ዝም አልኩ። የሠራሁት ኃጢአት ሁሉ አንድ ላይ ቢመዘን ያቺን ዝምታ አያህልም።

አዛውንቱን አስገቧቸው። የቢሮው አስተርጓሚ ታሞ ነበርና ምክትሉ ወደኔ ዞረው "አንተ አስተርጉም" አሉኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ለምክትሉ ኦሮምኛ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ነው። እያንዳንዷን ቃል ይሰማሉ። ሕጉ ግን በቢሮ ውስጥ የሚጻፍ ቃል በአማርኛ ይሁን ይላል፤ ስለዚህ ያልሰሙ መስለው ተቀምጠው እኔ እስካስተረጉም ይጠብቃሉ። አንዲት ቃል ባዛንፍ ያውቁብኛል። መውጫ አልነበረኝም። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ይህን የምጽፈው አሳቁልኝ ብዬ አይደለም።

አዛውንቱ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "አካም ጅርታ፣ ልጄ?" ብለው ደህንነቴን ጠየቁኝ። የታሰረ ሰው የሚያውቀው ፊት ሲያይ እንዴት ደስ እንደሚለው ያን ቀን አየሁ። አንገቴን ደፋሁ።

ምክትሉ መስመሯን አነበቡ። "ይህን ተናግረዋል ወይ ብለህ ጠይቃቸው" አሉ። ወደ ኦሮምኛ መለስኳት። በኦሮምኛ ስትሆን ያ ሁሉ ጌጧ ረገፈ፤ እርቃኗን ቀረች። "ዛፉ ከመውደቁ በፊት እኛ እንወድቃለን። ስንወድቅ ብቻችንን አንወድቅም።" አዛውንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚሰሟት። ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ከእኔ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደኔ አዩ። ልብሴ ላይ ያለውን ላብ አዩ። ቀስ እያሉ ገባቸው። ሲገባቸው አየሁ።

አሁን "አላልኩም" ይላሉ፤ እኔም እቀጣለሁ፤ ልጄ አባቱን ሳያይ ይወለዳል። ይህን ነው ያሰብኩት። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ስለ ምንጩም፣ ስለ እሳቸውም። ፍርሃት ለሌላ ሰው ቦታ የለውም።

"ይህ ነገር ወረቀቱ ላይ አለ?" አሉኝ በቋንቋቸው።

"አለ፣ አባቴ።"

"ከጣቴ በላይ ነው ወይስ ከጣቴ በታች?"

"በላይ ነው።"

አሰቡ። ከዚያ ወደኔ ሳይሆን ወደ ምክትሉ ቀና አሉ። "እኔ አንጋፋ ነኝ" አሉ። "ከጣቴ በላይ ያለው ሁሉ የኔ ቃል ነው። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ምክትሉ ሰምተዋል፤ ብዕራቸውን ይዘው አማርኛውን ከኔ ይጠብቃሉ። ዐይናቸው ግን እኔ ላይ ነው፤ አውቀዋል። እስከ ዛሬ ድረስ እንዳወቁ እምላለሁ። የኔን አማርኛ በመቶ ማመልከቻ ላይ አንብበውታል፤ የዲጋ ገበሬ እንዲህ እንደማይዝት ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ረጅም ፋታ ሰጡኝ፤ ለኔ የተከፈተች በር ነበረች። ከውጭ አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ ከዘበኛው ጋር ስትከራከር ይሰማል።

"ምን አሉ?" አሉኝ ምክትሉ።

"እኔ ነኝ ያልኩት ብለዋል፣ ጌታዬ።"

ጻፉት።

አዛውንቱ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ በትከሻቸው ነካ አደረጉኝ፤ እጃቸው ታስሯላ። "ሂን ሶዳቲን" አሉኝ በጆሮዬ። አትፍራ ማለት ነው።

ሕዝብ በማሳደም ተብለው አራት ወር ታሰሩ። ያን ክረምት ዝናቡ በቤቴ ቆርቆሮ ላይ በዘነበ ቁጥር እስር ቤቱ እንዴት ያለ ቅዝቃዜ እንዳለው አስብ ነበር። ሚስቴ ወለደች፤ ወንድ ነው። ከአራስ ቤት ሳትወጣ ምግብ እየቋጠረች ትልክላቸው ነበር፤ የሚያደርሰው ባለሱቁ ነው። መጀመሪያ የላከችው እኔን ነበር፤ ከእስር ቤቱ በር ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴም ተመልሻለሁ። ለሚስቴ "አደረስኩላቸው፣ ደህና ናቸው" አልኳት አንድ ቀን። እሷም ታውቅ ነበር መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ አላከችኝም።

ፋብሪካውስ? ፋብሪካው አልመጣም። ማሽኑን የጫነው መኪና ወደ ሌላ ደን ሄዶ አራገፈ፤ እዚያ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበራቸው አልነበራቸው አላውቅም። አንዱ ትልቁ ሰው ከሥልጣን ወረደ ይላል፣ አንዱ መንገዱ በዝናብ ተበላሸ ይላል። የዲጋ ሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያምነው፤ አንጋፋቸው በተናገሩት ቃል ሹሞቹ ደነገጡ። መስመሯ ከቢሮው ዘበኛ አፍ ወጥታ በኦሮምኛ ገበያ ለገበያ ዞረች። ሰዎች ጠረጴዛዬ ድረስ እየመጡ "እንደዚያ እንደ ሽማግሌው ዓይነት አድርገህ ጻፍልን" ይሉኝ ጀመር። ሥራዬ በዛ።

በጥቅምት ተፈቱ። ሰዉ ሊጠይቃቸው ይጎርፋል ተባለ። ሚስቴ ልጁን አዘለችና "ዛሬ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ፤ የሆነውንም ሁሉ እኔ እናገራለሁ" አለችኝ። ሄድኩ። ዲጋ ድረስ በእግሬ፣ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ በየዳገቱ ላይ "ይረግሙኛል" እያልኩ። የሽማግሌ እርግማን ልጅ ላይ እንደሚወርድ ነው ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት። ፖሊሱን የፈራሁት ፍርሃት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው።

ደጃፋቸው ላይ ቆዳ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ሰው ከብቧቸዋል፤ ጎልማሳው አለ፣ ልጆቻቸው አሉ። ሲያዩኝ "ቆይ፣ ከዚህ ልጅ ጋር ጉዳይ አለኝ" ብለው ሁሉንም አስነሡ። ብቻችንን ቀረን። ሣሩ ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ የተለማመድኩት ይቅርታ ሁሉ ጠፋኝ።

"ያቺን ቃል ንገረኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ጥሩ ቃል ናት" አሉ። "ብትጠይቀኝ እኮ እላት ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም?"

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። "ፈራሁ" አልኳቸው።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "እኔም ፈርቻለሁ" አሉኝ። "እስር ቤት ሳለሁ አንድ ነገር እፈራ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማኋት፤ አልያዝኳትም። ደግመው ጠርተው ምን ነበር ያልከው ቢሉኝ ይጠፋኝና፣ ያኔ ያንተ መሆኗን ያውቁ ነበር።" ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው እንደሌለ አዩ። "ዛሬም ቢጠሩኝ አይታወቅም። በል፣ ቀስ ብለህ በላት፤ ላጥናት።"

ቀስ ብዬ አልኳት። እሳቸውም ከኔ እየተቀበሉ አንድ በአንድ ደገሟት፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ሁለት ጊዜ አረምኳቸው።